የባለ እጀታው ቢከር ጉዳይ

«ለመላው የኮሌጁ ማኅበረሰብ በሙሉ! በሁለተኛው ፎቅ በሚገኘው የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለው ባለ እጀታ የመስታወት ቢከር ከዛሬ ጀምሮ በማናቸውም ሁኔታ፣ በማናቸውም ሠራተኛም ሆነ እንግዳ፣ ቡና እንዳይጠጣበት በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናሳውቃለን።»

ማስታወቂያው ሁለት ክብ ማኅተም አርፎበታል፤ አንዱ ፊርማው ላይ፣ ሌላው ምናልባት የመጀመሪያው ብቻውን እንዳይደብረው ከጎኑ። ዲላ ውስጥ ባለው በዚህ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውሃ ሲጠፋ ማስታወቂያ አይወጣም። የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ማፍሰስ ሲጀምር የወጣው ባልዲ ነው። ለቢከሩ ግን ማስታወቂያ ወጣ፤ በሩ ላይ፣ ደረጃው ላይ፣ በመምህራን ላውንጅ ደግሞ ከሽሮና ከፓስታው ዋጋ አጠገብ።

እስከ መጨረሻው ያነበበው ሰው ጥቂት ነው። ከማኅተሞቹ በታች፣ ፊደሏ በጣም አንሳ፣ አንዲት መስመር ነበረች፦ «በዚህም የተነሣ በተጠቀሰው ቤተ ሙከራ በታሸጉ ጭማቂዎች ላይ የተደረገው ልኬት በሙሉ እንዳልተደረገ ይቆጠራል።»

ፊሊጶስ እስከ መጨረሻው አነበበ። ልኬቱ የእሱ ነው። የማስተርስ ጽሑፉም፣ የረዳት መምህርነት ኮንትራቱም፣ አባቱ በቡና መንደራቸው በባንኮ ጎቲቲ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ሊጨርስ ነው» ያሉት ወሬም በዚያች መስመር ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው።

የቤተ ሙከራው ቴክኒሺያን መንበረ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች መጥታ አጠገቡ ቆመች። መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች።

«ቢከሩ ምን አጥፍቶ ነው?»

«ቡና ተጠጥቶበት።»

«መቼም ቢከሩ ራሱ አልጠጣም። የጠጣውን ሰው ስም ለምን አልጻፉትም?»

«ማኅተሙ ቦታ ያዘባቸዋ፣ እትዬ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሁለቱም የጠጣውን ሰው ያውቁታል። ማስታወቂያው ላይ የፈረመው እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሰላም ነበር። ፊሊጶስ የተነሣው በከተማው ሱቆች የሚሸጡ የካርቶን ጭማቂዎች ውስጥ ፖሊፌኖል የሚባለው ነገር ምን ያህል እንዳለ ሊለካ ነው። ተክል እግር የለውም፤ ተባይ ሲመጣበት አይሸሽም። ስለዚህ ቆሞ የሚዋጋበትን ነገር እዚያው በገዛ ገላው ያዘጋጃል። ያልበሰለ ሙዝ አፍ የሚያጨማድደው፣ የማንጎ ልጣጭ ምላስ ላይ የሚጣበቀው በሱ ነው። ሰው ሲመገበውም ይጠቅማል ይባላል። ይህ «ይባላል» ከመጽሔት ተነሥቶ የጭማቂ ካርቶን ላይ እስኪደርስ ድረስ «ይፈውሳል» ይሆናል። ፊሊጶስ ማወቅ የፈለገው ካርቶኑ ውስጥ የሚዋጋ ነገር ቀርቶ እንደሆነ ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። ጥቂት ጭማቂ፣ ጥቂት ቢጫ ፈሳሽ፣ ጥቂት የሶዳ ውሃ፤ ከዚያ መጠበቅ። ፖሊፌኖሉ በበዛ ቁጥር ፈሳሹ እየጠቆረ የሚሄድ ሰማያዊ ይሆናል፤ ማሽኑ ደግሞ ሰማያዊነቱን ያነባል። አስቀድሞ ግን ዜሮ ምን እንደሚመስል ለማሽኑ ማሳየት ያስፈልጋል። ለዚህ ጭማቂ የሌለበት ውሃ በዚያው ቢጫ ፈሳሽና በዚያው ሶዳ ይዘጋጃል፤ ብላንክ ይሉታል። ማሽኑ ታዛዥ ነው። «ዜሮ ይህ ነው» ካሉት ዜሮ ያው ነው፤ አይከራከርም። በዚህ ጠባዩ የትምህርት ክፍል ኃላፊ አለመሆኑ ይገርማል።

ከካርቶኖቹ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው ጸዳለ ማንጎ ነው። ካርቶኑ ላይ ማንጎ፣ ፀሐይና የምትስቅ ልጅ አሉበት፤ ከሦስቱ ውስጥ በእርግጥ የገባው የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ኩባንያው የኮሌጁን የምርምር ቀን ስፖንሰር ሊያደርግ ቃል ገብቷል፤ ድንኳን፣ ቲሸርት፣ ባነር፣ ለእንግዳ ሁሉ አንድ አንድ ካርቶን። በምላሹ የሚፈልገው «በዩኒቨርሲቲ የተረጋገጠ» የምትል ትንሽ ጽሑፍ ብቻ ነው። ማርቲ የምትባለው የኩባንያው የማስታወቂያ ኃላፊ ከሐዋሳ መጥታ፣ የኮሌጁ ዲን ዶክተር ደግነት ይዟት ቤተ ሙከራውን ሊያስጎበኛት የወጣው ለዚሁ ነው።

መንበረ እንግዳ ቡና ሳይቀምስ አታሰናብትም። እዚህ አገር እንግዳ በደረቁ ከሸኙ ወሬው ከእንግዳው ቀድሞ ጨለለቅቱ ከተማ ይደርሳል። ስኒ የለም ማለት ደግሞ ዙሪያውን ብርጭቆ በሞላበት ክፍል ውስጥ ያሳፍራል። ስለዚህ ቤተ ሙከራው የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ቡናው በማሞቂያው ላይ ይፈላል፣ ተማሪ በትንሹ ቢከር ይጠጣል፣ መምህር በመካከለኛው፣ እንግዳ ባለ እጀታውን ይይዛል። «ቤተ ሙከራ ውስጥ መብላትና መጠጣት ክልክል ነው» የሚለውን ደንብ ፊሊጶስ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በየዓመቱ ያስተምራል፤ መካከለኛውን ቢከር ይዞ፣ በየመሐሉ ፉት እያለ።

ዶክተር ደግነት ባለ እጀታውን በሁለት እጁ አቅፎ አሸተተ።

«ይሄ የት ነው?»

«የባንኮ ጎቲቲ ነው፣ ዶክተር» አለች መንበረ። «የፊሊጶስ አባት ጓሮ።»

«እንዲህ ነው ቡና! ድገሚኝ።»

ማርቲ ቡና አልጠጣችም፤ ልቧን ይመታታል። እሷን ያስደሰታት ሌላ ነው። ፊሊጶስ የማንጎ ልጣጭ ጨምቆ ቢጫውን ፈሳሽና ሶዳውን ጨምሮ በመስታወት ቱቦ አስቀምጦላት ነበር፤ ዲኑ ሁለተኛውን እስኪጨርስ ቱቦው ጥቁር ሰማያዊ ሆነ።

«ዋው! ቆይ፣ ሰማያዊው በበዛ ቁጥር ጤናው በዛ ማለት ነው?»

«በግርድፉ… አዎ።»

እሷ ስልኳን አውጥታ ለባነር አታሚው ደወለች። «በግርድፉ» የምትለዋ ቃል ከስልኩ ማዶ አልተሻገረችም።

በማግሥቱ ፊሊጶስ ልኬቱን ጀመረ። መንበረ ባለ እጀታውን በተጣራ ውሃ ሞልታ አስቀምጣለት ነበር፤ ብላንኩን ከዚያ ቀዳ፣ ለማሽኑ «ዜሮ ይህ ነው» አለው፣ ማሽኑም እሺ አለ። ቀጥሎ ጸዳለ ማንጎን አስገባ። ማሽኑ ከዜሮ በታች አነበበ። አውጥቶ ደገመው። አሁንም ከዜሮ በታች።

«እትዬ፣ ነይ እስኪ እዪ። ይህን ጁስ የጠጣ ሰው ትናንት የበላውን ብርቱካን ሳይቀር ይነጠቃል።»

«ልጄ ለትምህርት ቤት በየቀኑ ነው የምትይዘው!» አለች መንበረ ደረቷን ይዛ።

«ማንበብ አቅቷት ያውቃል?»

«ኧረ አንተ ልጅ፣ አትቀልድ!»

ፊሊጶስም ቀልዱን ገታ፤ ከምንም በታች የሆነ ጭማቂ የለምና። የብላንኩን ቱቦ አንሥቶ ወደ መስኮቱ ያዘው። ዜሮ የተባለው ውሃ ሰማያዊ ሆኗል፤ ያውም ከጭማቂው የጠቆረ። ባለ እጀታውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ባንኮ ጎቲቲ ሸተተው።

መንበረ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ትናንት ውሃ ጠፍቶ ነበር። በወረቀት ወልውዬ ነው የሞላሁት።»

ቡና ራሱ በፖሊፌኖል የታጨቀ ነው፤ ዲኑ ትቶት የሄደው አተላ ብቻውን ዜሮውን ሽቅብ አስወጥቶታል። ፊሊጶስ የለካውን ሁሉ ጣለ። ውሃው ሲመለስ መስታወቱን ሁሉ አጠበ፣ በተጣራ ውሃ ደጋግሞ አለቀለቀ፤ ቢጫውን ፈሳሽ የሚያታልለውን ስኳርና ቫይታሚን ሲ እንዲያስወግድለት ጭማቂውን ሁሉ በማጣሪያ አሳለፈና ከሀ ጀመረ። በዚህ ጊዜ ጸዳለ ማንጎ ከዜሮ በላይ ወጣ። ወጣ እንጂ ብዙም አልራቀም፤ ከቤቱ ወጥቶ አጥሩ ሥር እንደሚቀመጥ ሰው። ለማነጻጸሪያ የያዘው ከመናኸሪያው ጎን ካለው ከሸዋነሽ ጁስ ቤት የመጣው ስፕሪስ ግን ብዙ እጥፍ በልጦት ተገኘ፤ አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ፓፓያው በላይ በላዩ፣ ሎሚ የተጨመቀበት፣ ቪምቶ ያልፈሰሰበት።

ፊሊጶስ በሪፖርቱ ውስጥ ሁሉንም ጻፈ፤ የመጀመሪያው ብላንክ በቡና መበከሉንና ያ ልኬት መጣሉንም ጭምር። አማካሪው አንብቦ «ሙሉ በሙሉ እደግፍሃለሁ» አለው። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንደደገፍኩህ ግን ለማንም አትንገር» ሲል አከለበት።

ዶክተር ደግነት ከሪፖርቱ ውስጥ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ወደደ፤ የቡናዋን። ማስታወቂያው የወጣው በዚያው ቀን ከሰዓት ነው።

በእኛ መሥሪያ ቤቶች «ማብራሪያ ጻፍ» የተባለ ሰው እንዲያብራራ አይደለም የሚፈለገው። ጥፋቱ ተወስኗል፤ የቀረው በገዛ እጁ እንዲጽፈው ነው። ማብራሪያ ጽፎ ትክክል ሆኖ የተገኘ ሰው እስካሁን አልታየም። ስለዚህ የዲኑ ጸሐፊ «ለማብራሪያ ትፈለጋለህ» ብላ ስትደውልለት ፊሊጶስ ምን እንደሚጠብቀው ገባው።

«ልጅ ፊሊጶስ፣ ቁጭ በል» አለ ዶክተር ደግነት። «እኔ ሳይንስን አልቃወምም።»

«ሰምቻለሁ፣ ዶክተር።»

«አንድ ገጽ ናት። ቢከሩ ተበክሎ ነበር፣ ቴክኒሺያኗ በቸልተኝነት አላጠበችውም፣ ስለዚህ ልኬቱ አይታመንም። አለቀ! ለምርምር ቀን መድረክ ላይ ታነባታለህ፤ በማግሥቱ ዲፌንስህን ታደርጋለህ። እኔ ራሴ ኬክ አስጋግርልሃለሁ።»

«የተበከለው የመጀመሪያው ነው። እሱን እኔው ጥዬዋለሁ። ሁለተኛው ንጹሕ ነው።»

«ሁለተኛውን ማን አየው?»

«እኔ አየሁት። እትዬ መንበረም አይታለች።» የአማካሪውን ስም ግን አላነሣም፤ ፊሊጶስ ቃል አክባሪ ነው።

«እኔ አላየሁትም።»

«እርስዎ ያዩት ቡናውን ነው።»

ዶክተር ደግነት ክራቫቱን አስተካከለ። ክራቫቱ መጀመሪያውኑም የተስተካከለ ነበር።

«ስማ፣ ወንድሜ። ካላነበብክ ዲፌንስህ ላልተወሰነ ጊዜ ይራዘማል። ያለ ማስተርስ ደግሞ ኮንትራትህ አይታደስም። እኔ አይደለሁም፣ መመሪያው ነው።» ከዚያ ፊቱ በራ። «ኧረ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ማርቲ ያንን የቀለም ትርኢት ወዳዋለች፤ ሰው ቀለም ማየት ይወዳል። የጸዳለን በአንድ ቱቦ አምጣና እኔ ስናገር ከኋላዬ ጠረጴዛ ላይ ሰማያዊ ይሁን። ጸዳለን ብቻ፣ እሺ? ብቻውን ሲሆን ያምራል።»

ፊሊጶስ ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ወደ መናኸሪያ ወረደ። የሸዋነሽ ጁስ ቤት አራት ወንበርና አንድ የሚጮህ መፍጫ ነው። ከውጭ ረዳቶቹ «ይርጋ! ይርጋጨፌ የሞላ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ያልሞላውን። ሸዋነሽ ማንጎ እየላጠች ነበር።

«መጣህ መምህር? ዛሬም ቪምቶ የሌለበት? ቪምቶ የሌለበት ስፕሪስ ያዘዘኝ አንተና አንድ ስኳር ያለባቸው ሽማግሌ ብቻ ናችሁ።»

«ሸዋዬ፣ ጁስሽ አንደኛ ወጣ።»

ቢላዋዋ ቆመ። «የት ነው የወጣው?»

«ልኬት ላይ ነዋ። ከካርቶኖቹ ሁሉ በለጠ።»

«ውይ በእናትህ! ለማንም እንዳትናገር!»

«ለምን?»

«ለምን ይለኛል እንዴ! ጎበዝ መባል እኮ ነው የሚያስበላው። ነገ አንዱ ቦርሳ ይዞ ይመጣና ‹አንደኛ የወጣሽው አንቺ ነሽ? እስኪ ፈቃድሽን› ይለኛል። ሁለተኛ አድርገኝ። ሦስተኛም ቢሆን አልቀየምም።»

ፊሊጶስ እየሳቀ የዲኑን ነገር ነገራት። እሷ ማንጎዋን መላጥ ቀጠለች፤ አሁን ቀስ ብላ።

«አንብብላቸውና ተመረቅ» አለች በመጨረሻ። «ምን አገባህ? ወረቀት ናት። አባትህ አርጅተዋል፤ ፎቶ ይነሡ።»

«እትዬ መንበረስ?»

«ምን ሆነች?»

«እሷ ናት አላጠበችም የምትባለው።»

«እንዴ! ጠጪውስ?»

«እሱማ ኬክ ያስጋግራል።»

ሸዋነሽ መፍጫውን አስነሣች፤ ያለችው በጩኸቱ ውስጥ ጠፋ። ከአፏ አኳኋን ግን ጸሎት አይመስልም ነበር። ስታጠፋው «ሂሳብ አልቀበልህም» አለች። «ደግሞ ስሜን አታንሣ። መናኸሪያ በለው።»

መንበረም እንደዚያው አለችው። ቤተ ሙከራው ውስጥ ቱቦ እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው፦ «ጻፍላቸው። እኔን ቢበዛ ወደ ግምጃ ቤት ያዛውሩኛል። እዚያም ማሞቂያ አይጠፋም፤ ቡናዬን አፈላለሁ።»

«አልጽፍም።»

«አንተ ልጅ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ያደርከው ለምንድን ነው? ለዲግሪው ወረቀት አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ በዚያች ወረቀት ላይ ስሜ ይጻፋል። ባለ እጀታውን የት አደረግሽው?»

መንበረ ዞር ብላ አየችው። እጇን በጋዋኗ ጠርጋ ቁም ሣጥኑን ከፈተችና የታገደውን ቢከር አወጣች።

«ማሞቂያው ላይ ልጣድ?» አለችው።

«ጣጂ። ወፈር ይበል።»

የምርምር ቀን አዳራሹ ጢም አለ። በር ላይ የጸዳለ ቲሸርት የለበሱ ልጆች ለገባው ሁሉ ካርቶን ያድሉ ስለነበር፣ ምርምር የማይወድ ተማሪ ሳይቀር ሁለት ጊዜ ገብቷል። ከዞን የመጡ እንግዶች ፊት ወንበር ላይ በቀጭኑ ቱቦ ጭማቂ እየሳቡ ተቀምጠዋል። ከመድረኩ በላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ባነር ተዘርግቷል፤ ማንጎ፣ ፀሐይ፣ የምትስቅ ልጅና የሰው ቁመት በሚያህል ፊደል፦

«ይበልጥ ሰማያዊ፣ ይበልጥ ጤና!»

ማርቲ ባነሩን ከየአቅጣጫው በስልኳ ታነሣለች። ፊሊጶስ የቱቦ መደርደሪያውን ይዞ ሲወጣ ፈገግ ብላ አውራ ጣቷን አሳየችው። ዶክተር ደግነት ንግግሩን እየገላለጠ ስለነበር በመደርደሪያው ላይ አንድ ሳይሆን አራት ቱቦ መኖሩን አላየም። ፊሊጶስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው፤ ጭማቂዎቹ እንደ ልኬቱ ጊዜ ተጣርተው የመጡ ናቸው። በየቱቦው ፊት ከኋላ ወንበር የሚነበብ ወረቀት አቆመ፦ ውሃ። ጸዳለ። መናኸሪያ። ባለ እጀታው። በሁሉም ላይ እኩል ቢጫ ፈሳሽ፣ እኩል ሶዳ ጨመረና ወርዶ ከዳር ተቀመጠ። በኪሱ ውስጥ የዲኑ ጸሐፊ ተይባ የሰጠችው ማብራሪያ ነበር። ፊርማ ብቻ ነው የጎደለው።

«ክቡራንና ክቡራት!» አለ ዶክተር ደግነት፣ ጀርባውን ለጠረጴዛው ሰጥቶ።

ይህ ቀለም ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ተመራማሪዎች በዚህ ያማርራሉ። ዶክተር ደግነት ግን ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ንግግር አድርጎ አያውቅም፤ ሳይንስና አስተዳደር እንዲህ የተስማሙበት ቀን በኮሌጁ ታሪክ አልነበረም።

ስለ ኮሌጁ ራዕይ ሲናገር አራቱም ቱቦዎች አንድ ይመስሉ ነበር። ስለ ተልዕኮው ሲናገር «ባለ እጀታው» ቀድሞ ጠቆረ። ወደ እሴቶቹ ሲሻገር «መናኸሪያ» ተከተለው፤ እንደ አዲስ እስክሪብቶ ቀለም ደመቀ። ውሃው እንደ ውሃ ሆኖ ቀረ። «ጸዳለ» ደግሞ ሲያመነታ ቆይቶ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለሦስተኛ ጊዜ የታጠበበት ውሃ መስሎ እዚያው ላይ ቆመ። ብቻውን ቢሆን ያምር ነበር።

«…ይህ በፖሊፌኖል የበለጸገ ምርት» ይላል ዶክተር ደግነት፣ «ከኋላዬ እንደምትመለከቱት፣ ሰማያዊነቱ ራሱ ይመሰክራል!»

አዳራሹ ወደ ኋላው ተመለከተ። ከዚያ ወደ ባነሩ። ከዚያ እንደገና ወደ ጠረጴዛው። የመጀመሪያው ሳቅ ከኬሚስትሪ ተማሪዎች ሰፈር ተነሣ። ፊት ወንበር ላይ አንድ እንግዳ ቀጭኑን ቱቦ ከከንፈራቸው አወጡና ካርቶኑን አገላብጠው ማንበብ ጀመሩ። ዶክተር ደግነት ሳቁን ለራሱ መስሎት እሱም ፈገግ አለ።

«መናኸሪያ ማነው?» ብሎ አንድ ተማሪ ጮኸ።

ከኋላ አንድ ወንበር ሲገፋ ተሰማ። ሸዋነሽ ነበረች፤ መፍጫዋን ዘግታ፣ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ መጥታ። ቆማ ግራ ቀኝ አየች፤ ቦርሳ የያዘ ሰው ካለ ለማየት ይሆናል። ከዚያ አላስቻላትም።

«የኔ ነው! የኔ ስፕሪስ ነው! ያውም ያለ ቪምቶ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

«ባለ እጀታውስ የማን ነው?»

«የእንግዳ ነው!» አለች መንበረ ከበሩ አጠገብ። ድምጿ ጋዋን እንደለበሰ ሰው ድምፅ ቀጥ ያለ ነበር። «ሁለት ጊዜ ነው የተቀዳለት!»

ማስታወቂያውን በየደረጃው ሲያነብ የከረመው ሕዝብ አሁን የጠጪውን ስም ለመገመት ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ዶክተር ደግነት በዚህ ጊዜ ነው ዞሮ ያየው። አራቱን ቱቦዎች አየ፤ አራቱን ወረቀቶች አነበበ። ማርቲ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ ከታ፣ ባነሩን በጥርጣሬ ታየው ነበር፤ ፊደሉ ትንሽ ቢያንስ ኖሮ እንደምትል። ዲኑ ወደ ማይክራፎኑ ሲመለስ ግንባሩ ወዝቷል።

«ተፈጥሯዊ የሆነ… የቴክኒክ ችግር ነው። ክቡራን እንግዶች፣ ተረጋጉ። ጉዳዩን የሚያስረዳ ማብራሪያ አለ። አቶ ፊሊጶስ፣ እባክዎ ወደ መድረክ ይውጡና ማብራሪያዎን ያንብቡ።»

ፊሊጶስ ተነሣ። ወጣ። ማይክራፎኑ ፊት ቆመ። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና ዘረጋው፤ ለአፍታ ያህል ያለ ፊርማ የቀረውን ቦታ አየ። ዶክተር ደግነት ማይክራፎኑን በእጁ ከልሎ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ዲፌንስህ ነገ ጠዋት ነው» አለው። «ሦስት ሰዓት ላይ። አንብብና ውረድ።»

ፊሊጶስ ወረቀቱን እንደነበረ አጠፈ። ጠረጴዛው ላይ፣ «ባለ እጀታው» ከተባለው ቱቦ ሥር አኖረው።

«አላነብም።»

«እንዴት አላነብም! ሕዝብ እየጠበቀ ነው! ቢያንስ ይህን ያመጣኸውን ነገር አብራራ! ምንድን ነው ይሄ? ምን ለማለት ነው?»

እጁ ከማይክራፎኑ ላይ ተነሥቷልና ሁሉም ይሰማ ነበር። ሸዋነሽ እንደቆመች ነች፤ መንበረም በሩን ተደግፋ ትጠብቃለች። ከበላያቸው ባነሩ በሰው ቁመት ፊደል ተዘርግቷል። ፊሊጶስ ቀና ብሎ አላየውም፤ እጁንም አላነሣም።

«አላብራራም» አለ።